የመስመር ሱፐርቫይዘር ሲመረጥ የስሜት ብልህነትን በመጠይቅ መለካት ይቻላልን?

ጥያቄ፦ «ኮምቦልቻ በሚገኝ አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ የሰው ሀብት አስተዳደር ኃላፊ ነኝ። ከኦፕሬተሮቻችን መካከል ሦስት የመስመር ሱፐርቫይዘሮች አሳድገን ልንመድብ ነው። ሥራ አስኪያጃችን በቅርቡ ከአንድ ሥልጠና ሲመለሱ ‹ለስኬት ሰማንያ ከመቶውን የሚወስነው የስሜት ብልህነት ነው› በማለት ከኢንተርኔት የተገኘ ባለ 50 ጥያቄ መጠይቅ ተተርጉሞ ለዕጩዎቹ እንዲሰጥ አደረጉ። አንደኛ የወጣው አንደበተ ርቱዕና ከሁሉ ጋር ተግባቢ የሆነ ወጣት ነው። መጨረሻ ላይ ከቀሩት አንዷ ደግሞ በመስመሯ ያሉ ልጆች ችግር ሲገጥማቸው ቀድመው የሚሄዱባት ዝምተኛ ሴት ናት። ሠራተኞቻችን በብዛት ይለቃሉ። መጠይቁን ልመን ወይስ ዓይኔን? የስሜት ብልህነትስ ለሥራ መሪነት በእርግጥ ይህን ያህል ዋጋ አለውን?»

ምላሽ፦ መጠይቁን ለዚህ ውሳኔ አይጠቀሙበት። ዓይንዎም ቢሆን ብቻውን ሚዛን ሊሆን አይችልም፤ ዓይን ለሚቀርቡን፣ ለሚመስሉንና በቅርቡ በጎ ለዋሉልን ሰዎች ሲያደላ ራሳችን እንኳ አናውቀውም። ሦስተኛ መንገድ አለ። ወደ እርሱ ከመሄዴ በፊት ግን ከሥልጠናው የመጣው አሃዝ መታረም ይኖርበታል።

የስሜት ብልህነትን ለሰፊው አንባቢ ያስተዋወቀው አሜሪካዊው ዳንኤል ጎልማን እ.ኤ.አ. በ1995 የጻፈው፣ በአይኪው ፈተና የሚለካው የአእምሮ ችሎታ ለሕይወት ስኬት ያለው ድርሻ ቢበዛ 20 ከመቶ ያህል እንደሆነና ቀሪው 80 ከመቶ የሌሎች ነገሮች ድርሻ መሆኑን ነው። ከእነዚያ ሌሎች ነገሮች መካከል ሰው የተወለደበት የኑሮ ደረጃና ዕድል ጭምር ይገኙበታል። አባባሉ ከአንዱ አሠልጣኝ ወደ ሌላው ሲተላለፍ «ቀሪው ሁሉ የስሜት ብልህነት ነው» ወደሚል ተለወጠ። ጽንሰ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1990 በሳይንሳዊ ጽሑፍ ያቀረቡት ፒተር ሳሎቬይና ጆን ሜየር ራሳቸው እንዲህ ያለውን ማጋነን ተቃውመዋል። ሥራ አስኪያጅዎ አሃዙን ከራሳቸው አላመጡትም፤ በብዙ የሥልጠና አዳራሽ የሚነገር ነው። ሆኖም የሰው እንጀራ በዚህ አሃዝ ላይ ተመሥርቶ ሊወሰን አይገባም።

ሁለተኛው መታረም ያለበት ነገር ከስያሜው ይጀምራል። ብዙዎች «ስሜታዊ ብልህነት» ይሉታል፤ በአማርኛችን ግን «ስሜታዊ ሰው» የምንለው ቶሎ የሚቆጣውን፣ ቶሎ የሚከፋውን፣ ስሜቱ የሚነዳውን ሰው ነው። ስለዚህ «የስሜት ብልህነት» ማለትን እመርጣለሁ። ሳሎቬይና ሜየር በኋላ ባዳበሩት አቀራረብ ይህ ብልህነት አራት ችሎታዎችን ይይዛል፦ በራስና በሌላው ላይ ያለውን ስሜት መለየት፣ ስሜትን ለማሰብ ማገዣ ማድረግ፣ አንድ ስሜት ከምን እንደመጣና ወዴት እንደሚያመራ መረዳት፣ በመጨረሻም የራስንና የሌላውን ስሜት ለሥራው በሚበጅ መልኩ መግራት። ከእነዚህ ውስጥ ተግባቢነት፣ ፈገግታና የአንደበት ለዛ የሉበትም። ሦስቱ መልካም ጠባዮች ናቸው፤ ነገር ግን ተጫዋች ሆኖ አጠገቡ ያለችው ልጅ ከንፈሯን ነክሳ እንባዋን እንደምትገታ የማያይ ሰው ሞልቷል፤ ዝም ብሎ ሁሉን የሚያይም እንዲሁ።

ለሥራ መሪነት ዋጋ አለው ወይ ላሉት፣ እንደ ሥራው ነው። ተመራማሪዎቹ ዳና ጆሴፍና ዳንኤል ኒውማን እ.ኤ.አ. በ2010 በርካታ ጥናቶችን አንድ ላይ ደምረው ሲመረምሩ፣ የስሜት ብልህነት የሥራ ውጤትን ከፍ የሚያደርገው ሥራው ራሱ ከሰው ስሜት ጋር መታገልን በሚጠይቅበት ቦታ ሆኖ አግኝተውታል። ሥራው ከወረቀት፣ ከአሃዝ ወይም ከማሽን ጋር ብቻ በሚሆንበት ቦታ ግን ይህ ጥቅም አልታየም። ስለዚህ ስቶር ውስጥ ጨርቅ ለሚቆጥር ሠራተኛ የስሜት ብልህነት ፈተና መስጠት ትርጉም የለውም። የመስመር ሱፐርቫይዘር ግን ከላይ የዕለቱን ታርጌት እየተቀበለ፣ ከታች ደግሞ ሌሊት ያልተኙ፣ ቤት ኪራይ የጨነቃቸው፣ ከወላጅ ጋር ተኳርፈው ከገጠር የወጡ ወጣቶችን እያሠራ በሁለቱ መካከል የሚቆም ሰው ነው። ሶሲዮሎጂስቷ አርሊ ሆችሽልድ እ.ኤ.አ. በ1983 «የስሜት ልፋት» በሚል የገለጸችው፣ ለደመወዝ ሲባል የራስን ስሜት እየያዙ የሌላውን ስሜት መሸከም፣ የዚህ ሰው የዕለት ሥራ ነው።

ይህ ችሎታ ከደግነት ባለፈ የምርቱን ጥራት እንዴት እንደሚነካ አንድ ከእርስዎ ፋብሪካ የማይርቅ ምሳሌ ላቅርብ። መርፌ ሲሰበር ስብርባሪው እስከ መጨረሻዋ ጫፍ ተፈልጎ ተገኝቶ፣ መዝገብ ላይ ተለጥፎ ነው አዲስ መርፌ የሚሰጠው፤ ምክንያቱም አንዲት የብረት ጫፍ በሕፃን ልብስ ውስጥ ቀርታ ባሕር ማዶ ብትደርስ ጉዳቱ ለልጁም ለፋብሪካውም ከባድ ነው። እንግዲህ መርፌዋ የተሰበረባት ኦፕሬተር በዚያች ደቂቃ የምታስበው ስለ ደንቡ አይደለም፤ ሱፐርቫይዘሯ ምን እንደሚላት ነው። ባለፈው ሳምንት በሰው ፊት ተዋርዳ ከሆነ ቁራጩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ዝም ትላለች። ተመራማሪዋ ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ በአሜሪካ ሆስፒታሎች የመድኃኒት አሰጣጥ ስሕተትን ስታጠና፣ የተሻለ አመራር ያላቸው ክፍሎች ከሌሎቹ የበለጠ ስሕተት መዝግበው አገኘቻቸው። የተረዳችው ነገር እነዚያ ክፍሎች ይበልጥ እንደሚሳሳቱ ሳይሆን ሠራተኞቹ ስሕተታቸውን ለመናገር እንደማይፈሩ ነው። የሱፐርቫይዘር የስሜት ብልህነት ዋጋው እዚህ ላይ ነው የሚታየው፤ መጥፎ ወሬ ሳይዘገይ ወደ እርሱ ይመጣል ወይስ ከእርሱ ይደበቃል?

ታዲያ መጠይቁ ይህን ስለ ምን አልያዘውም? መጠይቁ ችሎታን አይለካም፤ ሰው ስለ ራሱ ያለውን ግምት ነው የሚጠይቀው። «የሌሎችን ስሜት በቀላሉ እረዳለሁ» ለሚለው ዐረፍተ ነገር «በጣም እስማማለሁ» ብሎ ምልክት ለማድረግ የሌላውን ስሜት መረዳት አያስፈልግም፤ እንደምረዳ ማመን፣ ወይም ቦታውን መፈለግ ይበቃል። ለዕድገት የሚወዳደር ሰው ደግሞ የትኛው መልስ እንደሚያስመርጠው አይጠፋውም፤ እንዲህ ያሉ መጠይቆች ሆን ተብለው ሊጭበረበሩ እንደሚችሉ በጥናት ታይቷል። ጆሴፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ሌላ ጥናት፣ በእነዚህ መጠይቆች የሚገኘው ነጥብ ስለ ሥራ ውጤት የሚነግረን ነገር እንደ ትጉህነት፣ ተግባቢነት፣ በራስ መተማመንና አጠቃላይ የአእምሮ ችሎታ ያሉት ሌሎች ነገሮች ሲቀነሱ ምንም ያህል እንደማይተርፍ አሳይተዋል።

በእኛ አካባቢ ደግሞ ይሉኝታ ይጨመርበታል። በወሎ ቤት ያደገች ሴት «ሰዎች ችግራቸውን ለእኔ ማካፈል ይወዳሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ፊቷ ሲቀመጥ፣ ነገሩ እውነት ቢሆን እንኳ ስለ ራሷ እንዲህ ብሎ መመስከር ነውር ሆኖ ይሰማታል፤ «አላውቅም» ወይም «በመጠኑ» ብላ ታልፈዋለች። በመጨረሻ የቀረችው ሠራተኛዎ ዝቅተኛ ነጥብ ከዚህ የመጣ መሆኑን በርቀት ሆኜ ማረጋገጥ አልችልም፤ ከዚህ ሊመጣ መቻሉ ግን መጠይቁን ለመተው በቂ ነው። በራስ ምስክርነት ፋንታ ችሎታን በጥያቄና በሥዕል የሚፈትኑ፣ ለምሳሌ ሜየርና ሳሎቬይ ከዴቪድ ካሩሶ ጋር ያዘጋጁት ባለ 141 ጥያቄ ፈተና ያሉ፣ የተሻሉ መሣሪያዎች አሉ። በዚህ ፈተና ግን ትክክለኛ መልስ የሚባለው ብዙ ተፈታኞች ወይም 21 የስሜት ተመራማሪዎች የተስማሙበት ነው። የወሎ ሰው ኀዘኑን፣ ቁጣውንና እፍረቱን የሚገልጥበት መንገድ በዚያ ስምምነት ውስጥ ስለመወከሉ ማስረጃ ሳይኖር ፈተናውን ተርጉሞ ለቅጥር መጠቀም ተገቢ አይሆንም።

አሁን ስለ አንደበተ ርቱዑ ወጣት። በእርሱ ላይ ምንም ክፉ ነገር አላውቅም፤ ጥሩ ሱፐርቫይዘር ሊሆን ይችላል። እኔን የሚያሳስበኝ ምርጫው በአንደበት ላይ መመሥረቱ ነው። እኛ ወሎዎች «አብሽር»፣ «አብሽሪ» የምትል ቃል አለችን፤ ያዘነውን ታጽናናለች፣ የደከመውን ታበረታለች። በፋብሪካ ውስጥ ግን ይህችው ቃል ሁለት ተቃራኒ ሥራ ስትሠራ አይቻለሁ። አንዱ ሱፐርቫይዘር «አብሽሪ» ብሎ ልጅቱን ከስፌት መኪናዋ አስነሥቶ ውኃ ያስጠጣና፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ ምን እንደሆነች ይጠይቃል፤ ሌላው «አብሽሪ፣ አብሽሪ» ብሎ ወሬዋን ያቋርጥና ወደ ሚቀጥለው መኪና ያልፋል። በጆሮ ሲሰሙ ሁለቱ አንድ ናቸው። ልዩነታቸው ከቃሉ በኋላ በተደረገው ነገር ላይ ነው።

ይህን የተማርኩት በስሕተት ነው። ከዓመታት በፊት ደሴ ውስጥ ለአንድ ድርጅት የክፍል ኃላፊ በማስመረጥ ሥራ ስረዳ፣ በቃለ መጠይቁ ስለ ሰው አያያዝ እጅግ ልብ በሚነካ መንገድ የተናገረውን ሰው ያለ ማመንታት ደገፍኩ። ወራት ሳይቆዩ ክፍሉ ዝም አለ። ሰውየው በእርግጥ የሰውን ስሜት ያነብ ነበር፤ ማን የታመመች እናት እንዳለችው፣ ማን ብድር እንዳለበት፣ ማን እንደሚፈራ ለይቶ ያውቅ ነበር፤ ያወቀውን ግን ፈቃድ ለመከልከልና ሰውን አፉን ለማዘጋት ይጠቀምበት ነበር። ስቴፋን ኮቴና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህንኑ አሳይተዋል፦ ሰውን መጠቀሚያ የማድረግ ዝንባሌ ያለው ሰው ስሜትን የመግራት ዕውቀት ሲጨመርለት በባልደረቦቹ ላይ የሚያደርሰው በደል ይከፋል። ስለዚህ ይህን ችሎታ ከበጎነት ጋር አንድ አድርገው አይመልከቱት፤ ችሎታውን ሲያዩ ለምን ሥራ እንደዋለም አብረው ይጠይቁ።

ወደ መንገዱ እንምጣ። በየሰፈሩ የቅሬ (እንደ ዕድር ያለው የወሎ መረዳጃ ማኅበር) ዳኛ ሲመረጥ ማንም «ራስህን ግለጽ» ተብሎ አይጠየቅም። ለቅሶ ቤት ማን ቀድሞ ደረሰ፣ የተጣሉትን ማን የሁለቱንም ወገን እስከ መጨረሻው ሰምቶ አስታረቀ፣ የቅሬውን ገንዘብ ማን በአደራ ጠበቀ ተብሎ ለዓመታት የታየ ሰው ነው የሚሾመው። የቅጥር ሳይንስ የደረሰበትም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ያለፈ ድርጊትን በሥርዓት መጠየቅና ሥራውን በተግባር ማሳየት። ፖል ሳኬትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2022 የምርጫ ዘዴዎችን ትንበያ እንደገና ሲያሰሉ፣ 0 ከዕጣ የማይሻል፣ 1 ደግሞ ፍጹም ትንበያ በሆነበት መለኪያ፣ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄና አስቀድሞ የተወሰነ ነጥብ ያለው የተደራጀ ቃለ መጠይቅ 0.42 ሲያገኝ፣ እንደ ጨዋታው አካሄድ የሚጠየቀው ልማዳዊ ቃለ መጠይቅ 0.19 ብቻ አግኝቷል። ስለ ሥራው ያለን ዕውቀት የሚፈትን ፈተና 0.40 አለው። የትኛውም ዘዴ ወደ 1 አይጠጋም፤ ስለዚህ አንዱን ብቻ ይዞ መደምደም አይገባም።

በእርስዎ ሁኔታ ሥራው ከጥያቄው በፊት ይጀምራል። ባለፈው ዓመት ሱፐርቫይዘሮቻችሁ በሰው አያያዝ የተፈተኑባቸውን አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ ቀኖች ከነባሮቹ ጋር ተቀምጠው ያሰባስቡ። ከዚያ ለሁሉም ዕጩ በተመሳሳይ ቃል ይጠይቁ፦ «አብራሽ የምትሠራ ልጅ በሥራ ላይ ስታለቅስ ያየሽበትን አንድ ቀን ንገሪኝ። መጀመሪያ ያየሽው ምን ነበር? ምን አደረግሽ? በማግሥቱስ?» ወይም «የተሰፋው ተበላሽቶ እንዲፈታ ሲመለስ ጥፋቱ የአንቺ እንዳልሆነ እያወቅሽ የተወቀስሽበት ቀን ነበር? ምን መለስሽ?» ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ «በማግሥቱስ?» የሚለው ነው፤ በንግግር ብቻ የሚያጽናና ሰው እዚያ ላይ የሚለው ያጣል። ደካማ፣ መካከለኛና ጠንካራ መልስ ምን እንደሚመስል አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ፤ ሦስት ጠያቂዎችም ሳይመካከሩ ነጥባቸውን ይጻፉ። ከሦስቱ አንዷ ከመስመር የመጣች ሴት ብትሆን ጥያቄዎቹ ከመሬት አይርቁም።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። ለአንደበት ነጥብ አይስጡ። ከከሚሴ በኩል የመጣችና አፏን በኦሮምኛ የፈታች ዕጩ መልሷን በአጭር አማርኛ ብትናገር፣ ወይም ዝምተኛዋ ሴት በሦስት ዐረፍተ ነገር ብትጨርስ፣ የሚመዘነው የተደረገው ነገር ነው። ዕጩዋ ካጠረባት «ከዚያስ?» ብሎ መጠየቅ የጠያቂው ግዴታ ነው፤ ይህም ለሁሉም እኩል ይደረግ።

ከቃለ መጠይቁ ቀጥሎ የተግባር ፈተና ያስፈልጋል። አንድ ጠያቂ በሳምንት ለሦስተኛ ጊዜ ያረፈደች ኦፕሬተር ሆና ትቅረብና ዕጩው ለአሥር ደቂቃ ያነጋግራት፤ ምክንያቱን ጠይቆ ይሰማል፣ ደንቡንስ ሳያላላ ይናገራል ወይ የሚለው ይታያል። ይሉኝታ ይዞት ማርፈዷን ጨርሶ ሳያነሣ የሚሸኛት ሰው በስሜት ብልህ ነው አይባልም፤ ከባድ ነገርን ሳያዋርዱ መናገር የዚህ ችሎታ ግማሹ ነው። ከዚያም የተሻሉትን ለጥቂት ሳምንታት በጽሑፍ በተሰጠ ተጠባባቂነት መስመር ላይ ማሠራት ከሁሉ የበለጠ ያሳያል። ከውጭ ለሚቀጥሯቸው ደግሞ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በጽሑፍ ስምምነት እስከ 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ይፈቅዳል፤ ብዙ ድርጅቶች ይህን ጊዜ ያለ አንዳች ምዘና ያሳልፉታል።

የሙያ ዕውቀት በዚህ ሁሉ መካከል መረሳት የለበትም። ሥራውን በመስመሩ ላይ አመጣጥኖ ማከፋፈል የማያውቅ፣ ሥራው የት ላይ እንደተቆለለ የማያይ ሱፐርቫይዘር ምንም ያህል ሩኅሩኅ ቢሆን ሠራተኞቹን ለትርፍ ሰዓትና ለወቀሳ ይዳርጋቸዋል። ፈጣኗ ኦፕሬተርም በፍጥነቷ ብቻ ሱፐርቫይዘር አትሆንም።

ስለሚለቁት ሠራተኞች ግን ተስፋዎን በልክ ማድረግ ይገባዎታል። በአገራችን ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተወሰነ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የለም። የኮምቦልቻ የኢንዱስትሪ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲከፈት የነበረው ተስፋም ትልቅ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ግን በ2021 መጨረሻ ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳርሷል፤ ከጥር 1 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮም አገራችን ምርቷን ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከምታስገባበት የአጎዋ የንግድ ዕድል ወጥታለች። ይህን ሁሉ ያሳለፈች ሠራተኛ የቤት ኪራይና ምግብ ከደመወዟ በላይ ሲሆንባት በሱፐርቫይዘር ለስላሳነት አትቆይም፤ እንድትቆይ መጠበቅም ፍትሐዊ አይደለም። የጦርነቱ ጠባሳ ላለባትም ሱፐርቫይዘሯ ሐኪም ሊሆን አይችልም፤ ወደ ጤና ተቋም የምትሄድበትን ፈቃድና መንገድ ማመቻቸት ግን ይችላል። ችግሩ ከየት እንደሆነ ለመለየት ያለፈውን ዓመት መልቀቂያዎች በየመስመሩ ይከፋፍሏቸው። የሚለቁት ከአንድ ወይም ከሁለት መስመር በርክተው ከሆነ ምክንያቱ በአብዛኛው አመራሩ ነው። ከሁሉም መስመር እኩል የሚለቁ ከሆነ ግን ደመወዙን፣ ሰርቪሱንና ፈረቃውን ይመርምሩ፤ ያንን የሱፐርቫይዘር ምርጫ አይፈታውም።

ችሎታው በሥልጠና ይሻሻላል ወይ ብለው ሥራ አስኪያጅዎ ቢጠይቁ መልሱ አዎንታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ የበርካታ ጥናቶች ድምር መጠነኛ መሻሻል መኖሩን አሳይቷል። የአንድ ቀን ንግግር ግን ይህን ያመጣል ብዬ አልመክርም፤ ለተመረጡት ሦስቱ በየሁለት ሳምንቱ አንድ እውነተኛ ገጠመኝ ይዘው የሚወያዩበት አንድ ሰዓት ይመድቡላቸው።

እንግዲህ ምክሬ ይህ ነው። የመጠይቁን ውጤት ከምርጫው ያውጡት፤ በሠራተኞቹ የግል ማኅደርም አይቀመጥ፤ ዕጩዎቹም ውጤቱ እንደማይቆጠር በግልጽ ይነገራቸው። አንደኛ የወጣው ወጣትም ሆነ መጨረሻ የቀረችው ሴት በእኩል ጥያቄ፣ በእኩል ነጥብና በእኩል የተግባር ፈተና እንደገና ይታዩ። እርስዎ ለእርሷ ያለዎት ግምት ጥሩ መነሻ ነው፤ ነገር ግን ጠያቂ ሆነው ከተቀመጡ ነጥብዎን ሌሎቹ ከመናገራቸው በፊት በወረቀት ያስፍሩት። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ለብቻዋ አስጠርተው ቦታውን ትፈልገው እንደሆነ ይጠይቋት። ዛሬ ልጆቹ ችግራቸውን የሚነግሯት እኩያቸው ስለሆነች ነው፤ ነገ የምትቆጣጠራቸውና ማስጠንቀቂያ የምትጽፍባቸው እርሷ ትሆናለች። ይህን አውቃ እንድትወስን ጥቂት ቀን ይስጧት፤ አልፈልግም ብትልም በመልሷ ምክንያት ምንም እንደማይጎድልባት አስቀድመው ያረጋግጡላት።